አፈ ታሪክ፣ ታሪክ ወይስ ልብ ወለድ? ከከተማው ዳር ሆኖ መጽሐፍ ለሚመርጥ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ለመያዝ የተሰለፈ ሰው፣ በሰልፉ መሀል የሚሽሎከሎከውን መጽሐፍ አዟሪ ሳያየው አይቀርም። ከወገቡ እስከ አገጩ የቆለላቸው መጻሕፍት ወገን አልለዩም። «ክብረ ነገሥት» «ዴርቶጋዳ» ላይ ተጋድሟል፤ ከሥሩ የአንድ የደርግ ባለሥልጣን ትዝታ፣ ከዚያ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ፣ ከዚያ ደግሞ ሽፋኑ ላይ የአክሱም ሐውልትና ፒራሚድ ጎን ለጎን የቆሙበት፣ «የተደበቀው» የሚል ቃል በቀይ የደመቀበት አንድ ጥራዝ። «ይኼ ታሪክ ነው ልብ ወለድ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እውነተኛ ታሪክ ነው ጋሼ፣ ይውሰዱት፣ አይቆጩም» ይላል። ስለ «ዴርቶጋዳ»ም ብትጠይቁት መልሱ ያው ነው።

ልጁ ላይ መፍረድ ይከብዳል። የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ በኩር የሆነው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» እያልን መጥራት የጀመርነው ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህም ደራሲዎቻችን ታሪክን ለልብ ወለድ፣ አፈ ታሪክን ለታሪክ ሲያዋሱ ኖረዋል፤ አንባቢውም ለምዶታል። የሚቸገረው በወር አንድ መጽሐፍ መግዛት ከቻለ ትልቅ ነገር የሆነለት የዳር ነዋሪ ነው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከለገጣፎ ወይም ከሰበታ ተነሥቶ ወመዘክር ወይም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደርሶ ለመመለስ ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ እጁ የገባውን ያነባል፤ እጁ የገባው ደግሞ አዟሪው የመረጠለት ነው።

«ከእነዚህ ውስጥ እውነቱ የትኛው ነው?» ብሎ መምረጥ ብዙ አያስኬድም። የሚያስኬደው «ይህ መጽሐፍ ምን ቃል ገባልኝ? ቃሉንስ ጠብቋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አፈ ታሪክ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ሊያቀብላችሁ ነው ቃል የገባው። ታሪክ ወሬውን ከየት እንዳገኘው ሊያሳያችሁ ቃል ገብቷል። ልብ ወለድ ደግሞ መፈጠሩን ሳይሸሽግ ሊያሳምናችሁ። ሦስቱም ቃላቸውን ከጠበቁ ሦስቱም ዋጋቸውን ያወጣሉ። ገንዘብ የሚያስከስረው የአንዱን ቃል ገብቶ የሌላውን ሥራ የሚሠራው ነው።

ቴዎድሮስን በየትኛው በር እንግባ?

ልዩነቱን ለማየት አንድ ሰው ይዞ በየመጽሐፉ መከተል ይሻላል። ለዚህ ከዐፄ ቴዎድሮስ የሚመች የለም፤ ስለ እሳቸው ያልጻፈ የለማ።

አፈ ታሪኩ ከሰውየው ይቀድማል። «ፍካሬ ኢየሱስ» ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገር ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲነግሥ የመረጠው ስም ይኸው ነው። ትንቢቱን «ተረት ነው» ብሎ የዘለለ አንባቢ፣ ካሣ ለምን ቴዎድሮስ እንደተባለና ሕዝቡ ያን ስም ሲሰማ ምን እንደጠበቀ ሳይገባው ይቀራል። አፈ ታሪክ የተደረገውን ባይነግረንም እንኳ ራሱ የሚያስደርግ ነገር ነው፤ ታሪክ የሚወድ ሰው ሊንቀው የማይገባውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ዜና መዋዕሉ። የአለቃ ዘነብን የቴዎድሮስ ታሪክ እንደ ዱሮው ዜና መዋዕል በግእዝ የተጻፈና ለሊቅ ብቻ የሚሆን አድርጎ የሚፈራው ሰው ብዙ ነው። በአማርኛ ነው የተጻፈው፤ ያውም ከዛሬው ጋዜጣ ብዙ ገጽ የተሻለ ሕይወት ባለው አማርኛ። አንድ ቦታ ላይ ደጃዝማች ወንድይራድ ካሣን ሊወጋ ሲነሣ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ ብሎ ይፎክራል። ድሉ የካሣ ይሆናል። ካሣም ምርኮኛውን አስቀርቦ ኮሶ ያጠጣዋል፤ እናቴ ዛሬ ገበያ ወጥታ ኮሶዋ አልሸጥ ስላላት ያለን ግብዣ ይኸው ነው በሚል ምፀት። ይህን ልብ ወለድ ውስጥ ብናገኘው «ደራሲው አበዛው» እንል ነበር።

ታዲያ ዘነብ የጌታው ሰው መሆኑን ሳይረሱ ነው ማንበብ። ለቴዎድሮስ ያደላል፣ ማድላቱንም አይደብቅም፤ ደግሞም ታሪኩ መቅደላ ሳይደርስ ይቆማል። ከንጉሡ ሞት በኋላ የጻፈው አለቃ ወልደ ማርያም እስከ መጨረሻው ይዘልቃል፣ ፊቱም የጠቆረ ነው። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው «አድሏዊ» እና «ሚዛናዊ» የሚሉትን ቃላት ማንም ሳያስተምረው ይረዳቸዋል። በግሌ፣ ከዚህ ሁሉ ክምር ውስጥ ያለ ዋጋው የተናቀው ዜና መዋዕል ነው እላለሁ።

ሦስተኛው በር የታሪክ ተመራማሪው ነው። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ወፍራምና ዝርዝር የማያልቅበት ነው፤ ደብዳቤው፣ ዘመቻው፣ የመኳንንቱ የዘር ሐረግ ሁሉ አለ። ቆሞ ለሚሄድ ተሳፋሪ አይመከርም፣ ክንድ ይቆርጣል። የባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ለቴዎድሮስ የሚሰጠው ገጽ ጥቂት ነው፤ ግን ከዘመነ መሳፍንት ወጥቶ ወደ ምን እንደተሄደ በአንድ ትንፋሽ ያሳያል። እዚህ የኮሶ ጨዋታ አትጠብቁ። የምታገኙት የሚያጣላ ጥያቄ ነው፦ ንጉሡ ሊያደርጉት ያሰቡት ነገር ለምን ከአቅማቸው በላይ ሆነ?

አራተኛው፣ ሁላችንም ሳናውቀው የገባንበት በር፣ ድራማውና ልብ ወለዱ ነው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የፀጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር»። ብዙ ሰው ቴዎድሮስ ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት ብቸኛ፣ ቁጡ፣ ከዘመኑ የቀደመ ባለ ራእይ ከዜና መዋዕሉ ይልቅ ከመድረኩ የመጣ ነው። እነዚህ ደራሲዎች የጻፉት ንጉሡ ከሞቱ ሰማንያ፣ መቶና ከዚያም በላይ ዓመት በኋላ፣ ለራሳቸው ዘመን አንባቢ፣ የራሳቸውን ዘመን ጥያቄ ይዘው ነው። ስለዚህ «አንድ ለናቱ» ስለ 1850ዎቹ የሚነግራችሁን ያህል ስለ 1950ዎቹና 60ዎቹም ይነግራችኋል። ይህ ጉድለቱ አይደለም፤ ሁለት ዘመን በአንድ ዋጋ እንደማግኘት ቁጠሩት።

አንዲት ቀን ብቻ ወስደን እናስተያይ። ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ በስቅለት ዕለት አሮጌ ሜዳ ላይ የእንግሊዝ ጦር የቴዎድሮስን ሠራዊት መታ፤ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ መቅደላ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ልብ ወለዱና ተውኔቱ ማንም ሊያየው የማይችለውን የመጨረሻዋን ሰዓት ሐሳባቸውን ይሰጡናል። የአልቃሿ ግጥም ደግሞ በዚያ አፋፍ ላይ ወንድ ሆኖ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው ትላለች። አሮጌ ላይ በመቶዎች ነው የወደቁት፤ ሬሳውን የቆጠረ ሰው ግጥሙን ውሸት ሊለው ይችላል። አልቃሿ ግን ሬሳ አልቆጠረችም፤ እጅ መስጠትን እምቢ ያለውን ነው የቆጠረችው። ግጥሟን ይዞ ስለ ውጊያው ጉዳት መከራከር ሞኝነት ነው። ሕዝቡ ከሽንፈቱ ውስጥ ምን መርጦ እንዳስቀረ ለማወቅ የፈለገ ግን ከዚያ ግጥም የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

«ክብረ ነገሥት»ን ማን ይግዛው?

ስለ ሥልጣን ማወቅ የሚፈልግ ይግዛው። ንግሥት ማክዳ በየትኛው መንገድ ኢየሩሳሌም እንደሄደች በቀን በወር የሚፈልግ ግን ይቆየው። መጽሐፉ በግእዝ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ማስታወሻ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደተመለሰ ይናገራል፣ የአክሱሙን ይስሐቅንም ያነሣል። የሚተርከው ግን ከዚያ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ስለነበረ ዘመን ነው። ይህን ርቀት ልብ ያለ አንባቢ መጽሐፉን አያጣጥለውም፣ ያልተባለውንም አያስብለውም።

ኃይሉን ለማየት ሁለት ነገር ይበቃል። እንግሊዞች ከመቅደላ ከዘረፉት የብራና ክምር ውስጥ ዐፄ ዮሐንስ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ደብዳቤ ጽፈው መልሱልኝ ያሉት «ክብረ ነገሥት»ን ነው፤ ያለ እሱ ሕዝቡ አይታዘዘኝም ብለው። ተመልሶላቸዋል። ሁለተኛው፣ የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን የዘር ሐረግ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ እስከ ንግሥተ ሳባና ንጉሥ ሰሎሞን ያደርሳል። ፓርላማ፣ አየር መንገድና የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በነበረበት አገር! በእምነቱ የሚያነበው ሰው በእምነቱ ያንብበው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። በታሪክ ዓይን ለሚያነበው ግን መጽሐፉ ከሚተርከው ዘመን ይልቅ ስለተጻፈበትና ስለተነበበት ዘመን የሚናገረው ይበልጣል።

ልብ ወለዱ ቀድሞ ሲደርስ

አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም፣ መጽሐፉ የሚያወራለት የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደው፣ ገና የትናንት ነበር። ሥራው በሽፋኑ ልብ ወለድ ነው፤ ባለሥልጣኖቹ ግን ራሳቸውን አላጡትም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተነሣ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ስለዚያ ዘመቻ የመንግሥት መግለጫና «ኦሮማይ» ፊታችሁ ቢቀርቡላችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ? እኔ ያለ ማመንታት «ኦሮማይ»ን። ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ንግግር የእገሌ ቃል ነው ብሎ ማስረጃ ማድረግ አይገባም። ልብ ወለድ ድባቡን በትክክል ይዞ ዝርዝሩን ሊፈጥር ይችላል፤ መብቱ ነው።

ድንበሩን ሆን ብለው የሚያደበዝዙት

እዚህ ላይ ነው ምርጫው የሚከብደው፣ የሰልፉ መጻሕፍት አብዛኞቹም እዚህ ናቸው። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከሳይንስና ከስለላ ጋር ያጋባ ልብ አንጠልጣይ ነው። በወጣቱ ዘንድ የፈጠረውን የንባብ ፍቅር ማንም አይክደውም፤ መንገድ ላይ ሲነበብም ፌርማታ ያስረሳል። ቃሉንም ጠብቋል፤ ልብ ወለድ ነኝ አለ፣ ልብ ወለድ ሆነ። ከጣና ሥር ስላለው ነገር በፌስቡክ የሚማማለው አንባቢ ነው ቃሉን ያፈረሰው።

የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» ይበልጥ ስስ ነው። ጸሐፊው በሙያው የደን ተመራማሪ ነው፤ የመጽሐፉ ተራኪም ገዳም ለገዳም የሚዞር ሰው ነው፤ መንዝ እውነተኛ፣ ቦታው እውነተኛ፣ ምሥጢሩስ? አንባቢው ግማሹ «ሆኗል» ግማሹ «አልሆነም» ብሎ ይሟገታል። ጣዕሙ ያለው እዚያ ሙግት ውስጥ ነውና ይነበብ ባይ ነኝ፤ ግን ስለ መንዝ ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ ምንጭ አድርጎ እንዳይጠቅሰው።

የቀረው ያ በቀይ የተጻፈው «የተደበቀው» ነው። ስም አልጠራም፣ ዓይነቱ ብዙ ነው። ልብ ወለድ ነኝ ብሎ አይሸጥም፣ ታሪክ ነኝ ብሎም ከየት እንዳመጣው አያሳይም። አዟሪው አጠገባችሁ ቆሞ እያጣደፋችሁ መፈተሽ ይቻላል። መሀሉን ግለጡት። «በጥንታዊ ብራና ተጽፎ ይገኛል» ካለ፣ የትኛው ብራና፣ የት ገዳም ብላችሁ ፈልጉ። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የኖረ ንጉሥ ከአማካሪው ጋር በትእምርተ ጥቅስ እየተነጋገረ ከሆነ፣ ማን ቆሞ እንደሰማ ጠይቁ። ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን እዩ። ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ፈተና ነው፤ ዐድዋ በእኛ 1888፣ በፈረንጆቹ 1896 ነው፤ ሁለቱን አቆጣጠር አንድ ገጽ ላይ ሳይለይ የሚያቀላቅል ጸሐፊ፣ ከሌላ መጽሐፍ ሳያጣራ እየገለበጠ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ታሪክ ጸሐፊ የተደረገውን የሚያስተውል ልቦና፣ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮና የጠራ አጻጻፍ ያስፈልገዋል ብሎ ነበር። ከሦስቱ አንዱንም በአምስት ገጽ ውስጥ ካላገኛችሁ መልሱለት፤ አዟሪው አይቀየምም፣ ለምዶታል።

ግለ ታሪክ

«እኔ ነበርኩበት» የሚለው ቃል ያሳምናል፤ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ስለሚያሳምን ነው። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የሕይወቴ ታሪክ» ስለ ዐድዋ ሲያወራ በልጅነቱ ከራስ መኰንን ጋር የዘመተ ሰው ዓይን ነው፤ በዕድሜ ብዛት የተጻፈ የልጅ ትዝታ። የአብዮቱ ዘመን ትዝታዎች ደግሞ ብቻቸውን መነበብ የለባቸውም። የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ» የገዛ ሰው የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» ከሰው ተውሶም ቢሆን ያጣምር። ያንኑ ከተማ፣ ያንኑ ዓመት፣ አንዱ ከቢሮ ሌላዋ ከእስር ቤት ሆነው ያዩታል።

በእግር የሚነበበው

ዳር መኖር መጽሐፍ ቤት ቢያርቅም የሚያቀርበው ነገር አለው። የካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። የአካባቢው ትውፊት አብርሃና አጽብሐ ያሠሩት ነው ይላል፤ አጥኚዎች ከዚያ ብዙ ዘግይቶ እንደተፈለፈለ ይገምታሉ። በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ ሲኬድ ያለችውን አዳዲ ማርያምን ትውፊቱ ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣታል። ከእሷ ሳይርቅ ያለው መልካ ቁንጥሬ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እዚያ ያሉት የድንጋይ መሣሪያዎች ከየትኛውም ትንቢትና ዜና መዋዕል በፊት የነበሩ ናቸው። ከመጽሐፍ ይልቅ አለቱን ማየት አንዳንድ ክርክርን ያቀላል፦ ጠራቢው ስሙን አልጻፈም፣ ስሙን የሞላው ትውልዱ ነው።

ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ማዶ ያሉ አዛውንቶችም አሉ። ዛሬ ብሎክ የቆመበት መሬት የማን እርሻ እንደነበር፣ ወንዙ ዳር የትኛው ዛፍ ሥር ሽማግሌ ይቀመጥ እንደነበር ይነግሯችኋል፤ አብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የሚያስተረጉም ጎረቤት ይዞ መሄድ ነው። የሰልፉ አዟሪ ክምር ውስጥ ይህ የለም።

ወረቀት፣ ፒዲኤፍ ወይስ ትረካ?

ባጭሩ፦ ልብ ወለድ በትረካ ያምራል፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነበው የሰማ ሰው አይከራከረኝም። ታሪክ ግን በጆሮ ሲሰማ የግርጌ ማስታወሻው ይቀራል፣ የተራኪው ድምፅ ማማርም ማስረጃ ይመስላል። በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የርእስ ገጹና የኅትመት ዓመቱ የተቆረጠ ነው፤ ያለ እነሱ ምን እያነበባችሁ እንደሆነ አታውቁም። በሕይወት ያለ ደራሲ ከሆነ ደግሞ መግዛት ነው።

አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ባሕሩ ዘውዴን እለዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ የሚሰቀልበት ማገር ነውና። ሁለት ለሚችል ዘነብን ይጨምር፤ አዲሱን ካጣ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ዘንድ ወይም ፎቶ ኮፒ ካለው ሰው። ገና የንባብ ልማድ ያልያዘ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ካለ ግን በታሪክ አትጀምሩት። «ዴርቶጋዳ»ን ስጡትና ሲጨርስ ጣና ላይ በእርግጥ የትኞቹ ገዳማት እንዳሉ ጠይቁት።